ከመንገድ ገብቶ እራት ማብሰል፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ከአዳማ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው አንዴ ከተነሣ አያስቸግርም። ጊዜውን የሚበላው ቃሊቲ ያለው ሰልፍ፣ አዳማ ከደረሱ በኋላም የባጃጅ ፍለጋው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ማታ ማታ ምድጃው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ እራት የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የጠየቃችሁኝን እነሆ በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔም አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ቤት የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል። ወጥ ልሥራ ካልኩ እራት የሚቀርበው 3 ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ እንዴት ይችሉት ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ጊዜሽን የሚወስደው ወጡ አይደለም፤ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ምስር ክክ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሽሮ 15 ደቂቃ። ሽንኩርት መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት፣ በርበሬው ጥሬነቱ እስኪጠፋ መጠበቅ ግን ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያንን ሰዓት ከሥራ ቀን አንሥተሽ እሁድ ላይ አድርጊው።

እኔ እሁድ ከሰዓት በኋላ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አደቅቃለሁ። በትልቅ ድስት ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ውሃው እስኪመጥና መጠኑ እስኪጎድል አማስለዋለሁ። እዚህ ላይ አትቸኩይ፤ ሽንኩርቱ በደንብ ካልሟሸሸ ወጡ ሁልጊዜ ስኳር ስኳር ይላል እንጂ አይጥምም፤ ጣፋጭነቱ ጥሬ የሽንኩርት ስኳር ነውና። ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት፣ ትንሽ ቆይቶ ከ10 እስከ 12 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ እጨምራለሁ። በርበሬው እንዳያር የሞቀ ውሃ ጠብ እያደረግሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ አቁላላለሁ። መጨረሻ ላይ 3 ራስ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ተወቅጦ ይገባል። ቅቤና መከለሻ አይገባበትም፤ እነሱ የሚጨመሩት በሚበላበት ቀን ነው። በዚህ ምክንያት ያው አንድ ቁሌት ለረቡዕና ለዓርብ ጾምም፣ ለፍስክም ይሆናል።

ሲቀዘቅዝ በየእራቱ ልክ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍዪው። እስከ ረቡዕ የሚበላው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የቀረው በረዶ ቤት ይግባ። ማታ ቦርሳሽን እንዳስቀመጥሽ ድስት ጥደሽ አንዱን ትገለብጪበታለሽ፤ ውሃ፣ የታጠበ ምስር፣ በቃ። ልብስሽን ቀይረሽ እስክትመለሺ ተንተክትኮ ይጠብቅሻል። ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ ቁሌቱ ላይ የተቀቀለ እንቁላል መጨመር አለ፤ ከዚያ የፈጠነ ወጥ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ሽንኩርቱ ምን ዓይነት ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ቀዩ፣ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ አንገቱ የጠበበው። ውሃ የበዛበት ሽንኩርት ለመምጠጥ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይጨምርብሻል። ከተማችን በስሟ የሚጠራ የሽንኩርት ዝርያ አላት፤ «አዳማ ቀይ» ይባላል፣ ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው። ገበያ ላይ ስሙን ጠርቶ የሚሸጥ ብዙም አይገኝምና በእጅሽ ጨብጠሽ ምረጪ።

ጥያቄ፦ ወንደላጤ ነኝ። የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ ያለኝ አንድ ምድጃና አንድ ድስት። ሁልጊዜ ማታ ዳቦ በሻይ እየበላሁ ሰለቸኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድርቆሽ ያዝ። አዳማ ፀሐይዋ ደረቅና ብርቱ ስለሆነች እንጀራ እንደ እኛ የሚያደርቅ ጥቂት ነው። የተረፈህን እንጀራ ሳይሻግት ቆራርሰህ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጣ፤ ከላይ በስስ ጨርቅ ሸፍነው። እንደ ቅጠል ሲሰበር ደርቋል ማለት ነው። እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ከከደንከው ለሳምንታት ይቆያል። ማታ ቁሌት ካለህ በእሱ፣ ከሌለህም አንድ ሽንኩርትና ሁለት ቲማቲም አቁላልተህ፣ በርበሬ ጨምረህ፣ ውሃ አፍላበትና ድርቆሹን ጨምርበት። ለአንድ እንጀራ አንድ ብርጭቆ መረቅ ይበቃል። እሳቱን አጥፍተህ ለ3 ደቂቃ ክደነው። ሲያማስሉት ይላቁጣል፤ ስለዚህ አገላብጠው እንጂ አታማስለው።

ፍርፍር ሲሰለችህ መኮሮኒ በዚያው አንድ ድስት ይበስላል። ቲማቲሙ ከተቁላላ በኋላ ጥሬውን መኮሮኒ ጨምርና ከላዩ ሁለት ጣት ከፍ እስኪል ውሃ አድርግበት። ውሃውን ራሱ መጦ ይበስላል፤ የሚደፋ ውሃ የለም፣ ሁለተኛ ድስት የለም።

ጥያቄ፦ ቦሎቄ እወዳለሁ፤ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀቅሎም ይጠነክርብኛል። ማታ ማታ የማይሞከር ነገር ነው?

መልስ፦ ማታ ከዜሮ ተነሥተሽ የምትሠሪው አይደለም፤ ግን ቦሎቄን መተው ያሳዝናል። በብዛት የሚበቅለው እኮ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ከመልካሳ ከወጡት የቦሎቄ ዝርያዎች አንዱ አዋሽ 1 ነው፣ ወንዛችንን ይዞ የተሰየመ። የሚጠነክርብሽ በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው የቆየ ቦሎቄ ነው፤ ሙቅ ቦታ ብዙ ወራት የተቀመጠ ቦሎቄ ቢዘፈዘፍም አይለሰልስም፣ ነጋዴሽን ቀይሪ። ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 አካባቢ ነው። እሳቱን ብታበዢው ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ፕሬዠር ድስት ካለሽ ይህን ያሸንፍልሻል፤ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያበስላል።

ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፊ፣ እሁድ ጠዋት የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅዪ፣ ከፋፍለሽ በረዶ ቤት አስገቢ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቀይ ቦሎቄ በደንብ ሳይፈላ በዝግተኛ ሙቀት ብቻ ቢቆይ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ ነገር ይቀርበታል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እየተንተከተከ ይፍላ። «ትንሽ ጥሬ ቢሆንም ጥርስ ያለው ይበላዋል» ብለሽ ለልጅ እንዳትሰጪ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስወጣ ሥጋውን ከበረዶ ቤት አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ፤ ማታ ሟሙቶ ይጠብቀኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት 12 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የዋለ ሥጋ ላዩ ተበላሽቷል፣ ባይሸትም። ከዋዜማው ጀምሮ ከበረዶ ቤት ወደ ማቀዝቀዣው የታች መደርደሪያ አውርደው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሲገዛ ለጥብስ ቆራርጦ በስሱ ዘርግቶ ማስቀመጥ ነው፤ ስስ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በፌስታሉ ነክረኸው ሽንኩርት እስክትከትፍ ይሟሟል። የበሰለ ወጥም ቢሆን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ።

ጥያቄ፦ ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቶ ባገኘው?

መልስ፦ በሶ። ማርና ውሃ፣ ወይም ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ በዘይት አድርጎ ጨብጦ መብላት ነው፤ ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ከሰል የምታቀጣጥሉ ከሆነ እባካችሁ ውጭ ይሁን። ደክሟችሁ፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ፣ ከሰሉን ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ እንዳትተኙ። ጭሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል፤ የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም የለው፣ ቀለምም የለው። ይህን ሁልጊዜ እደግመዋለሁ፣ አሁንም ደገምኩት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማታ ማታ አዲስ ወጥ ካልቀረበለት አይበላም። እሁድ የተዘጋጀ ቁሌት «የከረመ» ነው ይለኛል። እኔም እንደ እሱ ሥራ ውዬ ነው የምመጣው።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካኝ። ወጡ የከረመ አይደለም፤ የዚያን ምሽት የተሠራ ነው፣ የቆየው ቁሌቱ ብቻ ነው። ቆይቶ ደግሞ ይዋሐዳል እንጂ አይከፋም። ግን ነገሩ የቁሌት አይመስለኝም። በእርጋታ ንገሪው፦ እሁድ አብረን ሽንኩርት እንላጥ፣ ማታ አንተ እንጀራውን አውጥተህ ማዕዱን አዘጋጅ፣ እኔ ወጡን አሞቃለሁ። የእኔው ባል መላጥ የጀመረው በ4ኛው ዓመት ነው። ከጀመረ በኋላ ግን ስለ ቁሌቱ ጥራት ከእኔ በላይ የሚከራከር እሱ ሆነ።

ጥያቄ፦ ሽሮ ይጓጉልብኛል።

መልስ፦ ዱቄቱን የሚፈላ ውሃ ላይ ስለምትነሰንሺው ነው። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ አስገቢው። ዛሬ ከጓጎለብሽ በወንፊት አሳልፈሽ መልሰሽ ጣጅው፤ ማንም አያውቅብሽም።