ማታ መማር ይቻላል፣ ግን የጊዜውን ሒሳብ አስቀድሚ

ሰላም እህቴ። ጀርመን ውስጥ ሙሉ ቀን እየሠራሽ፣ ሁለት ልጆች ይዘሽ የኢንተግራሲዮን ኩርሱን (ለመጤዎች የሚሰጠውን የጀርመንኛና የአገር ዕውቀት ኮርስ) መጨረስ ይቻላል ወይ ብለሻል። ይቻላል። እኔም በማታው ነው የጨረስኩት።

ኮርሱ 700 ክፍለ ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። 600ው ለቋንቋ፣ 100ው ስለ አገሪቱ ሕግና ታሪክ። ቀን በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ከተማርሽ 7 ወር ገደማ ይፈጃል። ማታ በሳምንት 3 ቀን፣ አራት አራት ክፍለ ጊዜ ከሆነ ግን ከዓመት ያልፋል። ይህን ለባልሽ ከመመዝገብሽ በፊት ንገሪው። እኛ ቤት ጭቅጭቁ የተነሳው "ጥቂት ወር ነው" ብዬ ስለጀመርኩ ነው።

እኔን ያዳነኝ የእሁድ ወጥ ነው። ሁለት ድስት ሠርቼ ፍሪዘር ውስጥ እከፋፍላለሁ። የቤት ሥራዬን ከልጆቼ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እሠራ ነበር። አነጋገሬን እያረሙ ይስቁብኛል። ይሳቁ! በጀርመንኛ ከስም በፊት የሚገቡትን ዴር፣ ዲ፣ ዳስን ያስያዙኝ እነሱ ናቸው።

ፈረቃሽ የሚቀያየር ከሆነ ቀድመሽ አለቃሽን አናግሪ። ስለ አገሪቱ ሕግና ታሪክ የሚጠይቀው የ"ሌበን ኢን ዶይችላንድ" (ሕይወት በጀርመን) ፈተና 33 ጥያቄዎች አያስጨንቁሽ፣ ጥያቄዎቹ አስቀድመው ኢንተርኔት ላይ ስላሉ ባቡር ላይ ይጠናሉ። ላብ የሚያስወጣው የቋንቋው ፈተና ነው፣ በተለይ ደብዳቤ መጻፉ።