ጥያቄና መልስ፦ የጽጌ ጾም፣ የልጆች ምሳ ዕቃና የኅዳር አጨዳ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ከመስከረም 26 እስከ ልደት ባሉት ወራት ጾሙን፣ ትምህርት ቤቱንና የቤቱን ሥራ እንዴት አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ባለቤቴም እኔም ሠራተኞች ነን። ልጆቻችን 13፣ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው። ጽጌን በቤታችን እንጾማለን። ዘንድሮ ትልቋ «እስከ 9 ሰዓት ልቆይ» ትላለች፣ መካከለኛው ምሳ ዕቃውን ሳይነካው ይመልሳል፣ የትንሹ ነገር ደግሞ ጨንቆኛል።

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ጾመ ጽጌ የፈቃድ ጾም መሆኑን ያስታውሱ። ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም። እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት የእመቤታችንን ከልጇ ጋር መሰደድ እያሰብን በፍቅር የምንጾመው ነው፤ በእነዚህ ቀናት ግዴታው ረቡዕና ዓርብ ነው። ስለዚህ «አልቻልኩም» ያለን ልጅ እንደ በደለኛ ማየት አይገባም። ልጅን ከጾም የሚያርቀው ረኃቡ ሳይሆን እንዲህ ያለው ቁጣ ነው።

የ5 ዓመቱን ወተትና እንቁላል አይከልክሉት። ልጅን ጾም ማስጀመር የተለመደው ከ7 ዓመት በኋላ ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህል አይደለም፤ በማደግ ላይ ላለ ሕፃን ደግሞ ጉድለቱ ይከብዳል። አብሮ መጾም ከፈለገ ከረሜላውን ወይም ብስኩቱን ትቶ ለሌላ ልጅ ይስጥ።

የ9 ዓመቱ ከጥሉላት ይጹም፣ ሰዓት ግን አይጹም። የ13 ዓመቷ ረቡዕና ዓርብን እስከ 6 ሰዓት ጀምራ ከንስሐ አባቷ ጋር እየተመካከረች ትጨምር። ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም ስለሌለ ከቅዳሴ መልስ ትብላ። የወር አበባ ጀምራ ከሆነ ለደም ማነስ ቅርብ ናትና ምስርና ጎመን አይለያት፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ቢጨመርበት ሰውነቷ ብረቱን በተሻለ ይወስደዋል። ሻይ ግን ይህንኑ ስለሚቀንስ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። ራሷን ካዞራት ወይም ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ካጠራት ጾሙን አቁማ ትመርመር።

ወደ ምሳ ዕቃው እንምጣ። ጠዋት ትኩስ ሽሮ በእንጀራ ላይ ፈሶ ሲከደን እንፋሎቱ እንጀራውን ያረጥበዋል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ሽሮው ይረጋል። ልጁ የሚጠላው ይህን ነው እንጂ ሽሮውን ላይሆን ይችላል። ሽሮውን ወፈር አድርገው ይሥሩት፣ ሳይከደን ይቀዝቅዝ፣ እንጀራውን ለብቻው ይጠቅልሉለት። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ በበሶ ጭብጦ ይለውጡለት፦ አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ሲሶ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው ወይም ማር። ውኃውን በአንድ ጊዜ አያፍስሱት፤ ከበዛ ጭብጦው ይላቁጥና እጅ ላይ ይጣበቃል። ገብሱ በደንብ ካልተቆላ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድም ይነፋል።

ለእራት ንፍሮ ጥሩ ነው። ባቄላውንና ስንዴውን ለየብቻ ከማታው ይዘፍዝፉ፤ ባቄላው ስለሚቆይ ቀድሞ ይጣድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆላ በለመዱት ሰዓት ካወጡት ልቡ ጥሬ ይሆናል። በጥቅምት የባቄላ እሸት ገበያ ላይ ሲኖር ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ያርፋሉ፤ ልጆችም ራሳቸው እየፈለፈሉ ይበላሉ።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ጽጌ ኅዳር 6 በቁስቋም ይፈታል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። በመካከሉ ያለው 9 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ረቡዕና ዓርቡ ይቀነሳል። ለፍቺው ብዙ ሥጋና ቅቤ ገዝተው ለማስቀመጥ አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ሊጡ አልቦካ እያለ ቂጣ መሳይ እንጀራ እየበላን ነው። ጾም ላይ ያለ እንጀራ ምን ይበላል?

መልስ፦ እርሾውን ሳይሆን ሙቀቱን ያስተካክሉ። ለ2 ኪሎ ዱቄት 3 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃና አንድ ብርጭቆ ጥሩ እርሾ ይበቃል። እጅ የሚያቃጥል ውኃ እርሾውን ይገድለዋል። ቡሃቃውን ከሲሚንቶ ወለል አንሥተው በእንጨት ላይ ያስቀምጡ፣ በባና ወይም በአሮጌ ጋቢ ይጠቅልሉ፣ ምድጃው ካለበት ክፍል ያሳድሩት። በክረምት ማግሥት 2 ቀን የበቃው ሊጥ በጥቅምት ብርድ 3 ወይም 4 ቀን ይፈልጋል። ውኃው ላይ ወጥቶ ሽታው ኮምጠጥ ሲል ያን ውኃ አጥልለው ያፍስሱት፣ ከሊጡ አንድ አሥረኛ ያህል ወስደው አብሲት ይጣሉ። አብሲቱ በርዶ ለብ ሳይል ወደ ሊጡ ከተመለሰ ሊጡን ያበስለዋል፤ ዓይን የማያወጣ እንጀራ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ማታ የቤተሰብ ጸሎት እንጀምርና ልጆቹ ቆመው ያንቀላፋሉ። እኛም ሥራ ውለን እንደክማለን።

መልስ፦ ከእራት በኋላ አይሁን። እራቱ ምድጃ ላይ እያለ፣ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሁሉም ይቁም። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፤ ከዚያ ከዕለቱ ውዳሴ ማርያም አንድ ክፍል። ትልልቆቹ በተራ ያንብቡ፤ ተራ ያለው ልጅ አያንቀላፋም። ሕፃኑ አማትቦ አቡነ ዘበሰማያት እንዳለቀ ይቀመጥ። ረጅሙን ጸሎት እናትና አባት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያድርሱት። አንዳችሁ ማታ ፈረቃ ከሆናችሁ ሌላው ሰዓቱን አይቀይር። ጧፉ ከመጋረጃና ከነጠላ ጫፍ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ከመንዝ። በኅዳር ደቦ እጠራለሁ፤ 15 ሰው ይመጣል። ጾም ነው፣ በዓላቱም ብዙ ናቸው፣ ልጆቼም ትምህርት ላይ ናቸው። እንዴት ላቀናጅ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ ቀኑን ይቁረጡ። በኅዳር 6 ቁስቋም፣ 8 አርባዕቱ እንስሳ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ጽዮን አለ፤ እሑዶቹን ይጨምሩበት። የአጥቢያችሁ ታቦት የሚከበርበትንም ካህኑን ይጠይቁ። ቀድሞ የሚታጨደው ባቄላው ነው። የታችኛው እንክብል ሲጠቁርና ቅጠሉ ሲረግፍ ማለዳ ጤዛው ሳይለቅ ይታጨድ፤ ፀሐይ ከከረረ እንክብሉ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ይቀራል። ስንዴና ገብስ ጥቂት ቀን ይታገሳሉ። ክምሩ ዛላው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ ይሁን፤ ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ ፍሬው አይበሰብስም። ዝናብ ቢያስፈራ በበዓል ቀን የታጨደውን መሰብሰብ ይቻል እንደሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ደመናው ከመጣ በኋላ መከራከር ቤተሰብን ያጣላል።

ለምግቡ በሰው 4 እንጀራ ቢታሰብ 60 ነው፤ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ዱቄት ይጠይቃል። በአንድ ምጣድ ከ4 ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በዋዜማው ይጋገር። ለወጡ 1 ኪሎ የሽሮ ዱቄት፣ ለማለዳው ንፍሮ 3 ኪሎ እህል ይበቃል። ይህ ሁሉ በባለቤትዎ ጫንቃ ብቻ አይውደቅ፤ ውኃና እንጨቱን ወንዶቹ በዋዜማው ያቅርቡ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አያስቀሩ። ፈረቃቸው ጠዋት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ቃርሚያ መልቀምና ውኃ ማድረስ ይችላሉ፤ ማጭድ ግን ለትንንሾቹ አይሰጥ።

ጥያቄ፦ ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠል የእምነት ግዴታ ነው? ጭሱ ልጄን ያስለዋል።

መልስ፦ አይደለም። በዓሉ የቅዱስ ሚካኤል ነው፤ የጽዳቱና የቃጠሎው ልማድ የሚያያዘው በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ነው። ማጽዳቱን አጥብቀው ይያዙት። ፕላስቲክ፣ ጎማና ባትሪ ግን አይቃጠሉ፤ ጭሳቸው መርዝ ነው። ደረቅ ቅጠል ብቻ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከሣር ቤትና ከእህል ክምር በጣም ርቆ ይቃጠል፤ አንድ ባልዲ ውኃም አጠገቡ ይኑር። ልጅዎ በር ዘግቶ ከቤት ይቆይ፤ የጎረቤት ጭስ ወደ እናንተ የሚነፍስ ከሆነ በዚያ ሰዓት ይዘውት ወደ ሚካኤል ይሂዱ።