እኔ ከያዕቆብ ወገን ነኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ዝም ብዬ ልተኛ ነበር፣ አልቻልኩም። ወንድምሽ በአባታችሁ ቤት ጉዳይ ካታለለሽ 6 ዓመት ሆኖታል። አሁን ሽማግሌ ሊልክ ነው። እናትሽ ደግሞ «ዔሳው እንኳ ያዕቆብን አቅፎ ስሞታል፣ አንቺ ከዔሳው ትብሻለሽ?» እያሉ ያስጨንቁሻል። «ይቅር ካልኩት እንደ ድሮው መሆን ግዴታዬ ነው ወይ?» ነው ያልሽው። ብዙ ሰው ከተበዳይ ወገን ሆኖ መልሶልሻል። እኔ የምጽፍልሽ ከወዲያኛው ወገን ነው። በእኛ ቤት አታላዩ እኔ ነበርኩ።

ባጭሩ፣ አባታችንን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ክፍለ ሀገር ነበር። የቤቱን ካርታ ቀስ ብዬ በስሜ አዞርኩት። «ሌሊት ሌሊት የተነሳሁለት እኔ አይደለሁ እንዴ» ምናምን እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ወንድሜ የሰማው ከተዝካሩ በኋላ ነው። 9 ዓመት ተዘጋጋን። ስለዚህ ያዕቆብ አባቱን ይስሐቅን አታልሎ የታላቅ ወንድሙን የዔሳውን ምርቃት የወሰደበትን ዘፍጥረት 27ን ሌላው ሰው እንደ ታሪክ ያነበዋል፣ እኔ እንደ ክስ ወረቀት ነው የማነበው። የፍየሉ ቆዳ፣ የወንድም ልብስ፣ ዓይኑ የፈዘዘ አባት። ሁሉም አለ።

እዚያ ምዕራፍ ላይ እናትየውን አትለፊያት። ምግቡን የሠራችው፣ ቆዳውን የለበጠችለት ርብቃ ናት። ያዕቆብን ወደ ወንድሟ ወደ ላባ ስትልከው፣ የዔሳው ቁጣ እስኪበርድ ጥቂት ቀን ተቀመጥ ነው ያለችው። ጥቂቱ ቀን 20 ዓመት ሆነ፣ 14ቱ ለሁለቱ የላባ ልጆች፣ 6ቱ ለመንጋው። ርብቃ ልጇን ዳግመኛ አየችው የሚል ቃል ደግሞ የትም አልተጻፈም። የእናትሽ ጭንቀት ይገባኛል ለማለት ነው። እናት ልጆቿ ሳይታረቁ መሞት ትፈራለች።

ግን እናትሽ የሚጠቅሱልሽ ምዕራፍ 33ን ነው። 32ን ዘለውታል።

32 ላይ ያዕቆብ ገና ሳይደርስ መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኞቹ ዔሳው 400 ሰው አስከትሎ እየመጣ ነው ብለው ይመለሳሉ። ሰውየው በፍርሃት ራደ። ሰዉንና ከብቱን ለሁለት ከፈለ፣ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲያመልጥ። ከዚያ ምን አደረገ? 200 እንስት ፍየል ከ20 አውራ ጋር፣ 200 በግ ከ20 አውራ ጋር፣ 30 የሚያጠቡ ግመሎች ከነልጆቻቸው፣ 40 ላም፣ 10 ኮርማ፣ 30 አህያ ለየ። የግመሎቹን ልጆች ሳትቆጥሪ 550 እንስሳ ነው! እሱንም ባንዴ አልነዳውም። መንጋውን ከፋፍሎ፣ በመካከሉ ርቀት አስጠብቆ፣ ለእያንዳንዱ እረኛ የሚናገረውን ቃል አስጠንቶ ነው የላከው። ራሱ ከኋላ ሆኖ ያቦቅ ወንዝ ዳር አደረ፣ ሌሊቱን ሲታገል አንግቶ እያነከሰ ተነሳ።

አባቱ የሰጠው ምርቃት ለወንድሞችህ ጌታ ሁን፣ ይስገዱልህ የሚል ነበር። አሁን 7 ጊዜ መሬት ድረስ የሚሰግደው፣ ወንድሙን ጌታዬ የሚለው ራሱ ነው። ዔሳው ስጦታውን አልፈልግም ሲለው ደግሞ፣ እንዲቀበለው ሲለምን በዕብራይስጡ የመጣው ቃል በረከት የሚለው ነው፣ ያው የሰረቀው በረከት። በእኛም አፍ እኮ ለትልቅ ሰው የሚቀርብ ስጦታ ገጸ በረከት ይባላል። እኔ ይህን ቃል ስንት ሰርግ ላይ እየሰማሁ አንድም ቀን እንዲህ አላሰብኩትም ነበር።

እኛ መጀመሪያ የታረቅነው በፋሲካ ነው። ሦስት ሽማግሌ መጣ፣ «ጉልበቱን ሳም» ተባልኩ፣ ሳምኩ፣ ቡና ተጠጣ። ስለ ቤቱ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁለት ወር አልቆየም። የአቤሴሎም ዕርቅ ነበር። እሱ የንጉሥ ዳዊት ልጅ ነው፤ እህቱን ትዕማርን የደፈረውን የአባቱን ልጅ አምኖንን አስገድሎ፣ ሸሽቶ ጌሹር 3 ዓመት ተቀመጠ፣ የዳዊት ጦር አለቃ ኢዮአብ አስታርቆ አመጣው፣ ግን ኢየሩሳሌም ውስጥ 2 ዓመት የአባቱን ፊት አላየም። በስተመጨረሻ ዳዊት ሳመው፣ አለቀ። እዚያ መሳም ላይ ስለ ትዕማር፣ ስለ ነገሩ ሁሉ መነሻ፣ አንድ ቃል አልተነገረም። ቀጥሎ የመጣው ዓመፅ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ሽማግሌ አልላክሁም። ቤቱን አስገመትኩ፣ ተበደርኩ፣ ግማሹን ወንድሜ ሂሳብ ውስጥ አስገባሁ። በአራተኛው ቀን ደወለ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ያንተ ነው።»

ዘጋብኝ። ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «መናኸሪያ ነኝ» አለኝ። በጥቁር ፌስታል ቆሎ ይዟል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን አፈፍ አድርጎ አቀፈኝ፣ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ፌስታሉ መሀላችን ተቀዶ ቆሎው አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሁለት ሽማግሌ የሚያካክሉ ሰዎች ቁጢጥ ብለን ቆሎ ለቀምን። መጀመሪያ የሳቅነው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ስሚኝ፣ ጥያቄሽ እሱ ስለሆነ። ዔሳው ካቀፈው በኋላ አብረን እንሂድ ይለዋል። ያዕቆብ ደግሞ ልጆቹ ለጋ ናቸው፣ መንጋው ያጠባል፣ አንተ ቅደም፣ እኔ ቀስ እያልኩ አገርህ ሴይር እደርሳለሁ ይላል። ከዚያ ወደ ሱኮት ሄዶ ቤት ሠራ። ሴይር ደረሰ የሚል አታገኚም። ሰባኪዎቻችን ይቺን ቁጥር ለምን እንደሚዘሏት አይገባኝም። ይስሐቅ ሲሞት ሁለቱ አንድ ላይ ቀበሩት፣ ኑሯቸው ግን ለየብቻ ነበር። እኔና ወንድሜም እንደዚያው ነን። እሁድ እሁድ እንደዋወላለን፣ ለቅሶና ክርስትና አንቀርም። ገንዘብ አንነካካም። «ለገና እኛ ጋ ና» ካለኝ ሁለት ገና አለፈ፣ እሺ ብያለሁ፣ አልሄድኩም።

መጠርጠርሽም ኃጢአት አይምሰልሽ። በዕብራይስጡ ዔሳው ያዕቆብን «ሳመውም» በሚለው ቃል ፊደላት ላይ ነጠብጣብ አለ፣ የጥንት ረቢዎች ተከራክረውበታል። አንዱ ሊነክሰው ነበር ሲል፣ ረቢ ሺሞን ባር ዮሐይ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከልቡ ነው የሳመው አለ። እኛ በዳዮቹም ብንሆን አናምንም። ዮሴፍን ሸጠውት የነበሩት ወንድሞቹ ግብፅ አብረውት 17 ዓመት ኖረው፣ ያዕቆብ ሲሞት ዮሴፍ አሁን ይበቀለናል ብለው ፈሩ። እኔም ወንድሜ ያለ ሰዓቱ ከደወለ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ቤት ነው።

እና ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቡናው ሳይፈላ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ስለ ቤቱ ምን ብሎ ላካችሁ? መልስ ይዘው ከመጡ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ። ካልያዙ ቡናቸውን ጠጥተው ይሂዱ፣ ወንድምሽ ሲዘጋጅ ይመለሳሉ። እስከዚያው እናትሽን አጠገብሽ አስቀምጪና ምዕራፍ 32ን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ ከነፍየሎቹ ቁጥር።