«50 አይበቃም ወይ?» ላላችሁኝ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ብርሃን አንዷ ተማሪ ፊሽ ስንሠራ፣ ማለትም ክሮሞሶም ላይ የሚያበራ ቀለም አሳርፈን በማይክሮስኮፕ ስንቆጥር፣ «ጋሼ፣ 200 ሴል ከምንቆጥር 50 አይበቃም ወይ?» አለችኝ። «አይበቃም» ብዬ አለፍኳት። ማታ ግን አንድ የቆየ ስላይድ (ሴል የተዘረጋበት መስታወት) ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

የደም ካንሰር ታማሚ ስላይድ ነበር። የሚፈለገው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. የተገኘው የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ነው። ሰውየው መድኃኒት ላይ ስለነበር ክሮሞሶሞቹ ለየብቻ የሚታዩበት፣ ለሁለት እየተከፈለ ያለ ሴል ጠፋ፤ ስለዚህ ባልተከፈሉት ላይ ታየ። ቀዩ ፕሮብ (የሚያበራ ቀለም ያለው፣ ቦታውን ፈልጎ የሚጣበቅ የዲኤንኤ ቁራጭ) 9ኛው ላይ፣ አረንጓዴው 22ኛው ላይ ያርፋል፤ ሲገጥሙ ቢጫ ይሆናሉ። ከ200 ሴል በ9ኙ፣ በእያንዳንዱ አንድ ቢጫ ታየ። «በሽታው አለ» ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ፈረምኩበት።

ኒውክለስ ግን ኳስ ነው። ስላይድ ላይ ሲጠፈጠፍ ከላይና ከታች የነበሩት ቀለሞች እንዲሁ ተደራርበው ቢጫ ይመስላሉ፤ በጤነኛ ሰው ደምም ያጋጥማል። ከ20 ጤነኞች 200 200 ሴል ቆጥሮ የራስን ላቦራቶሪ የሐሰት ቢጫ ልክ ሳያውቁ፣ 9 ምንም አይናገርም። ያ አልተሠራም ነበር። ኋላ ሁለቱም ክሮሞሶሞች የሚቆረጡባቸውን ቦታዎች በሚሸፍነው ፕሮብ ተደገመ። በዚህኛው እውነተኛው በሽታ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ ያሳያል፤ ድርርቡ ግን አንድ ቢጫ ብቻ። ሁለት ቢጫ ያለው ሴል አንድም አልተገኘም። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ መሐል ሜዳ ከተማ ገብቶ ነበር፤ አስጠርተን እስክናገኘው ሦስት ሳምንት ሄደ።

ያልተከፈለ ሴል ክሮሞሶም፣ የመንዝ ሴቶች ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) ያዘጋጁት ገና ያልተፈተለ የበግ ጸጉር ይመስላል እላለሁ ሁልጊዜ። ምሳሌው ጎደሎ ነው፤ ጸጉሩ የተዘባረቀ አይደለም፣ እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱ ሠፈር አለው። 18ኛውና 19ኛው በመጠን ይቀራረባሉ፤ 18ኛው ወደ ዳር፣ 19ኛው ወደ መሐል ያዘነብላል።

እናንተ ስክሪኑን በስልክ ታነሱና ደብተር ላይ ምንም አትጽፉም። ትርፉን ፕሮብ ያጠባችሁበትን ሙቀት ጻፉ! 0.4 ኤስኤስሲ (የጨው ውኃ) በ73 ዲግሪ ለ2 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ቀዝቃዛ ስላይድ ውኃውን በ1 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል፤ ከ4 በላይ በአንዴ አትክተቱ። በኅዳር ውርጭ የማሽኑን ቁጥር ሳይሆን ማሰሮው ውስጥ የገባውን ቴርሞሜትር እመኑ። ውኃው ከቀዘቀዘ ያልተያያዘው ፕሮብ ሳይታጠብ ቀርቶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሜዳ ሁሉ ያበራል፤ ከጋለ ምልክቱ ራሱ ይለቃል። ሴሉን ስላይድ ላይ ስታንጠባጥቡም አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ሴሉ ሳይዘረጋ ይደርቅና ሳይቶፕላዝሙ (ኒውክለሱን የከበበው የሴሉ ክፍል) ፕሮቡን ያግደዋል።

ጥንድ ነጥብ አይታችሁ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ከአንዱ ነጥብ ስፋት ካነሰ እንደ አንድ ቁጠሩ፤ ሴሉ ዲኤንኤውን ገልብጦ ለመከፈል እየተሰናዳ ነው። የተነባበሩ ኒውክለሶችን እለፉ። 100ውን አንዱ፣ 100ውን ሌላው ይቁጠር፤ እስክትጨርሱ አትነጋገሩ። ኮምፒውተር ይቁጠርልን ትላላችሁ። እኔ አላምነውም፤ ሲደክመኝ ግን እጠቀምበታለሁ።

ለልጅቷ የሰጠኋት መልስም ጎደሎ ነበር። ያኔም የተቆጠረው 200 ነው። 50 ቢሆን ኖሮ ቢጫው ሁለት ገደማ ይሆን ነበር፤ ከሁለት ደግሞ ምንም አይነበብም። 200 ግን የሚጠቅመው የጤነኛው ልክ አጠገቡ ሲኖር ነው። ሰኞ ስትገቡ የታማሚውን ከማውጣታችሁ በፊት የጤነኛውን ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጉ።