የአባትየው እምቢታ ምክንያት ይኑረው

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በእንግሊዝ አገር በልዑል እንደራሴው ዘመን የሚፈጸም የፍቅር ልብ ወለድ በመጻፍ ላይ እገኛለሁ። የ19 ዓመቷ ባለታሪክ ናፖሊዮን ከተሸነፈበት ከዋተርሉ ጦርነት ከተመለሰ መኮንን ጋር በአንድ የዳንስ ምሽት ትተዋወቃለች፤ ለወራት በድብቅ ይጻጻፋሉ፤ ጨካኙ አባቷ እምቢ ሲል ይኮበልሉና በማግስቱ ለንደን ውስጥ አንድ ቄስ ያጋባቸዋል። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ «ይህ በዚያ ዘመን አይሆንም» አለኝ። ልብ ወለድ እስከሆነ ድረስ ለታሪክ ምን ያህል መገዛት አለብኝ?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናቸው። ስህተቶቹ ሲታረሙ ደግሞ ታሪክዎ አሁን የጎደለውን ውጥረት ያገኛል።

ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በሕመም ምክንያት መግዛት ሲሳናቸው ልጃቸው በ1811 እ.ኤ.አ. እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ ዘመኑም ንጉሡ በ1820 ሲሞቱ አበቃ። የዋተርሉ ጦርነት የተካሄደው በሰኔ 1815 ስለሆነ የመረጡት ጊዜ ትክክል ነው።

የሚያስቸግረው ደብዳቤው ነው። እስከ 1840 ድረስ የፖስታ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር፤ ዋጋውም በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ይተመን ነበር። ስለዚህ ለልጅቷ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር በር ላይ ገንዘብ ይጠየቃል፣ አሽከሩ ያያል፣ ወሬው እናት ዘንድ ይደርሳል። ያልታጨች ልጃገረድ ከባዕድ ወንድ ጋር መጻጻፏ ነውር ስለነበር አንዲት ደብዳቤ ብትገኝ ስሟ ይጠፋል። ደብዳቤዎቹን በፖስታ ቤት ከሚልኩ ይልቅ ለአንዲት የአክስት ልጅ አደራ ይስጧቸው፤ ያቺ ልጅ የራሷን ክብር አደጋ ላይ ስትጥል ሌላ ታሪክ ይወለዳል። ወረቀቱ ራሱ ታጥፎ በሰም የሚታሸግ መሆኑን፣ ሰዎችም ሒሳብ ለመቆጠብ ሲሉ ገጹ ከሞላ በኋላ ወረቀቱን አዙረው በተጻፈው ላይ አግድም ይጽፉበት እንደነበር ያስታውሱ፤ በሻማ ብርሃን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ የምትታገል ልጃገረድ ብዙ ገጽ የማይበቃት ትዕይንት ናት።

ጋብቻውም እንደጻፉት አይፈጸምም። በ1753 በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ያለ አባቱ ይሁንታ ከቤተ ክርስቲያን በሚሰጥ የፈቃድ ወረቀት ቢያገባ ጋብቻው ፈራሽ ነበር፤ ሊጋቡ መሆኑን በቤተ ክርስቲያን ሦስት እሑድ የማስነገሩ መንገድም አባት ተነሥቶ ከተቃወመ ይዘጋል። ይህ ሕግ በስኮትላንድ ስለማይሠራ ኮብላዮች ድንበሩን እንደተሻገሩ ወደምትገኘው ግሬትና ግሪን ይገሰግሱ ነበር። ከለንደን እስከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በየጣቢያው ፈረስ ይቀየራል፣ ይከፈላል፣ ከኋላ አባት ይከተላል። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ መኮንኖች በግማሽ ደመወዝ ተሰናብተው ነበርና የእርስዎም መኮንን ኪስ መንገድ ላይ ይፈተን። «በማግስቱ» ብለው የዘለሉት ይህ ጉዞ የመጽሐፉ ልብ መሆን ይገባው ነበር።

ከሁሉ በላይ የማሳስብዎት ግን ስለ አባትየው ነው። በዘመኑ ሕግ ሴት ስታገባ ገንዘቧ የባሏ ይሆናል፤ ሀብታም ቤተሰቦች ይህን የሚከላከሉት ከሠርጉ በፊት በሚፈረም ውል ድርሻዋን በባለአደራዎች እጅ በማስቀመጥ ነበር። የኮበለለች ልጅ ውል የላትም። ስለዚህ ጭካኔውን ከአባትየው ላይ ያንሡና ይህን ፍርሃት ይስጡት፤ አንባቢ ያን ጊዜ ለፍቅረኞቹም ለአባትየውም ይጨነቃል።

ለአማርኛ አንባቢ ብለው ግን ኢትዮጵያን በግድ አያስገቡ። ካስፈለገዎት እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሳልት ወደ አገራችን ስላደረገው ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1814 ለንደን ውስጥ ታትሟልና አባትየው ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይችላል።

መጨረሻውን ደስ የሚያሰኝ ለማድረግም መንገድ አለዎት። ከስኮትላንድ የተመለሱ ጥንዶች አንዳንዶቹ ትዳራቸው ጥያቄ እንዳይነሣበት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱን እንደገና ይፈጽሙ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት መኮንኑ ማንም ሳያስገድደው ወደ አባትየው ቤት ይሂድና ሕግ ለእርሱ የሰጠውን የሚስቱን ገንዘብ ለእርሷ በሚያስጠብቅ ውል ላይ ይፈርም።