የሶላር ማራገቢያው ይስባል፣ ቤንዚኑ ግን አፈር ውስጥ ቀርቷል

አዘዞ ካለው ጋራዥዎ የጻፉልኝን አነበብኩ። የተቀበረው የቤንዚን ታንከር አፍስሶ ግቢው ተበክሏል፤ የተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ ቀብረው በሶላር ማራገቢያ የአፈሩን ትነት ሲስቡ ቆይተዋል። እስከ ታኅሣሥ መውጫው ይሸት ነበር፤ አሁን አየሩ በርትቶ ይወጣል፣ ሽታ ግን የለውም። አፈሩ ሲቆፈር ያው ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ጥፋቱ ፓኔሉ ጋ አይመስለኝም። ሁለተኛ ፓኔልና ባትሪ የጨመረልዎ ሰው ገንዘብዎን አባክኗል። ቱቦው ቢደፈን ኖሮ አየሩ ይደክም ነበር፤ በርትቶ ወጥቶ ካልሸተተ ግን ከላይ ንጹሕ አየር እየገባለት ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከቱቦውም ይላቀቃል። ቀዳዳ ወናፍ እንደመንፋት ነው።

ለማረጋገጥ ከፌስታል ቀጭን ቅዳጅ ቆርጠው በቱቦው ዙሪያና በስንጥቆቹ ላይ ያንጠልጥሉ፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ አገኙት። በሲጋራ ወይም በእጣን ጭስ እንዳይሞክሩ! የቤንዚን ትነት ባለበት እሳት አይቀርብም።

ማራገቢያውን አጥፍተው የቱቦውን ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ይቆፍሩ፤ ቀዳዳዎቹ ጋ ሳይደርሱ ይቁሙ። በቱቦው ዙሪያ የሲሚንቶ ቀለበት ካለ ይነሳ፤ ዋልካው ሲኮማተር ሲሚንቶ አይከተለውም። በምትኩ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች የሚጠቀሙበትን ቤንቶናይት (ሲርስ የሚያብጥ ሸክላ) እያራሱ ይጠቅጥቁ። እንዳይደርቅ ዙሪያውን በወፍራም ላስቲክ ሸፍነው ጠርዙን ይቅበሩ።

ስለ ባትሪው ላስረዳዎ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ዋልካ ደቃቅ ስለሆነ ቤንዚኑ ከመሃሉ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ማራገቢያው ቀኑን ሲስብ ቅርብ ያለውን ትነት ይወስድና ወደ ማታ የሚወጣው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ፀሐይ ጠልቃ ሲቆምም አፈሩ ሌሊቱን ትነት ማውጣቱን አያቆምም፤ ጠዋት የመጀመሪያው ስበት ያንን የተጠራቀመውን ይዞ ይወጣል። ደግሞም ቀን የገባው አየር ኦክስጅን ስለሚያደርስ፣ ቤንዚን የሚበሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ማታም ሥራ አይፈቱም። ስለዚህ የሌሊት ባትሪ አያስፈልግዎትም። ፓኔሉን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ገደማ አዘንብለው አቧራውን ይጥረጉ፣ ይበቃል።

የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰበትን ጥግ ግን ይህ ዘዴ አያጸዳውም፤ ዘይት እንደ ቤንዚን አይተንም።

በላኩልኝ ፎቶ ያየሁት ማራገቢያ ከመኪና የተፈታ፣ ካርቦን ያለው ሞተር ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ካርቦኑ ብልጭታ ያወጣል፣ የሚስበው ደግሞ ቤንዚን ነው። ከፌስታሉ ሙከራ በኋላ አያስነሱት። ስንጥቁ ሲደፈን ትነቱ ተመልሶ ይመጣልና ለተቀጣጣይ ጋዝ በተሠራ ማራገቢያ ይቀይሩት፤ መውጫውን ከጣሪያ በላይ ያድርጉት፣ ብየዳውንም ያርቁ። ሞተሩን ሳይቀይሩ ስንጥቁን ደፍነው እንዳያስነሱ።