በትናንሽ የሬስሊንግ ዝግጅቶች ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ለጥያቄህ መልሴ ይኸው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት እንደሆንክ፣ ናሽቪል እንደምትኖርና በትናንሽ የሬስሊንግ ዝግጅቶች መጀመር እንደምትፈልግ ጽፈህ «ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተነጋገሩበት ከሆነ ሰዎቹ ለምን ይጎዳሉ? ከዚያስ ኑሮ ይገኛል?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ብዙዎቹ «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ተወው» ብለውሃል። እኔ እንደዚያ አልልህም። ከ2000 እስከ 2011 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከናሽቪል እየተነሣሁ በቴነሲ፣ በኬንታኪ፣ በሰሜን አላባማና በሚሲሲፒ ትናንሽ ከተሞች ሠርቻለሁ። የሻምፒዮንነት ቀበቶ የያዝኩበት ቀን የለም። ብዙውን ጊዜ ተሸናፊው እኔ ነበርኩ፤ የምጠራውም ለዚያ ነበር። ሌላው ሰው ጠንካራ ሆኖ እንዲታይ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ መጎዳቱ። አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል፤ ይህን መደበቅ ካቆሙ ቆይተዋል። ከወለሉ ጋር ግን አስቀድሞ መነጋገር አይቻልም። ሪንጉ የብረት ተሸካሚ፣ በላዩ የእንጨት ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሸራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የተማርኩት መውደቅ ብቻ ነው፦ አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ትንፋሽን ማስወጣት፣ በላይኛው ጀርባ ዝርግ ብሎ ማረፍ፣ በዚያው ቅጽበት ሁለቱን ክንዶች ወለሉ ላይ ማሳረፍ። አገጭህን ከረሳህ ጣውላውን የሚያገኘው ማጅራትህ ነው። ገመዱም እንደምታስበው አይደለም። እኛ በምንሠራበት ሪንግ ላይ በጎማ ቱቦ ውስጥ የገባ የብረት ሽቦ ነበር፤ እየሮጥኩ ስደገፍበት ከብብቴ በታች ያለው ጎኔ ለሳምንታት ጠቁሮ ሰነበተ። እናቴ ሸሚዝ ስቀይር አይታ ማን እንደደበደበኝ ጠየቀችኝ። ገመድ ነው ስላት አላመነችኝም።

ያሠለጠነኝ ሰው ሥራውን የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ አገሩ ገና በሬስሊንግ አዘጋጆች መካከል በግዛት በግዛት ተከፋፍሎ ሳለ ነው። በ1948 በአዮዋ የተመሠረተው ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ አዘጋጆቹን እያስማማ፣ አንዱ በሌላው አካባቢ እንዳይገባ አድርጎ ነበር የሚያሠራቸው። የአሠልጣኜ አካባቢ ሜምፊስ ነበር። ሰኞ ማታ በሚድ ሳውዝ ኮሊሲየም፣ ማክሰኞ ሉዊቪል፣ ረቡዕ ኢቫንስቪል፣ ከዚያ በየመንደሩ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሜምፊስ ቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ ስርጭት፣ በዚያው ቀን ማታ ደግሞ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ናሽቪል። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ከመጀመሪያው። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ስለሆነ የትናንቱን ደግሞ ማሳየት አይቻልም፤ በየሳምንቱ አዲስ ነገር መፍጠር ግድ ነበር። ሙያውን ያሳወቃቸው ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ። ቪንስ ማክማን በ1982 የአባቱን የሬስሊንግ ድርጅት (ዛሬ WWE የሚባለውን) ገዝቶ በኬብል ቴሌቪዥን አገሩን በሙሉ ሲያዳርስ ግዛቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ሜምፊስ እስከ 1997 ድረስ ቆየች። አዲስ አበባ በቪዲዮ ቤት እየተጋፋን የምናየው አንደርቴከር በ1989 እዚያ ሠርቷል፤ ዘ ሮክም በ1996 በሌላ ስም እዚያው ተምሯል።

እኔ ስደርስ የቀረው የትምህርት ቤት ጂምናዚየም፣ የብሔራዊ ዘብ አዳራሽና የገበያ ሜዳ ነበር። በ2001 የማክማን ድርጅት ትልቁን ተፎካካሪውን ሲገዛው፣ በቴሌቪዥን የምናውቃቸው ሰዎች እንኳ ሥራ አጥተው ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ልብስ መቀየር ጀመሩ። መቶ ሰው ፊት። ከእነሱ መካከል በኩርፊያ የሠራም ነበር፤ ጥቂቶቹ ግን ለመቶው ሰው እንደ ሃያ ሺህ ሰው ሲሠሩ አይቼ ብዙ ተምሬአለሁ።

ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስትገባ ያለውን ሰው ሁሉ እየዞርክ ትጨብጣለህ፤ የምትጨብጠውም በጣም በስሱ ነው፣ የወፍ ጫጩት እንደያዝክ። ጠንክረህ ከጨበጥክ አዲስ መሆንህ ይታወቃል። በሪንግ ላይም እጄ እንደዚህ ይይዝሃል ማለት ነው። ክንድ ስትይዝ ግራውን፣ አንገት ስትይዝ በግራ በኩል፤ ያለ ንግግር እንድትግባቡ ሁሉም ሰው በአንድ በኩል ይሠራል። ሰውየውን አንሥተህ ስትገለብጠው እሱ ራሱ ዘሎ ይረዳሃል፤ ከዚያ በኋላ ግን አየር ላይ ነው፣ አንገቱ አንተ ዘንድ አደራ ነው። አሠልጣኜ በእንግሊዝኛ የነገረኝ ብዙ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ሁሉንም «አደራ» በሚለው አንድ ቃል ነው የያዝኩት።

አደራውን አንድ ጊዜ በልቻለሁ። 2004፣ ደቡብ ኬንታኪ ነው። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን አድሬ፣ ሳልተኛ ሦስት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ተጋጣሚዬ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። አነሣሁት፤ ክንዴ ዛለ፤ ከጀርባው ይልቅ በትከሻው ወረደ። የአንገት አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ተመልካቹ አጨበጨበ፣ የጨዋታው አካል መስሎታል። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየውና ቶሎ እንድጨርስ በጆሮዬ ነገረኝ። ልጁ የጤና መድን አልነበረውም። አዘጋጁም የእያንዳንዳችንን ሃያ አምስት ዶላር ሰጥቶ ሄደ፤ በዚህ ሥራ ሁሉም ሰው የራሱ ተቀጣሪ ስለሆነ በሕግ የሚጠይቀው የለም። በዚያ ምሽት ባርኔጣ ዞሮ 140 ዶላር ተሰበሰበ። ከሆስፒታሉ ዕዳ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

እኛ ቤት አባቴ ከማኅበራችን የዕድር ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ አጥንታቸውን እያስያዙ ያለ ዕድር እንደሚኖሩ ያን ቀን ነው የገባኝ። በሚቀጥለው ወር አንድ የቡና ቆርቆሮ ይዤ ሄድኩና ከተከፈለን ላይ ሁለት ሁለት ዶላር እንድናስቀምጥ ጠየቅሁ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አሠልጣኜ ግን አምስት ዶላር ከተተና ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ስድስት ዓመት ቆየ። «ኢዲር» ይሉት ነበር፣ ደ ላይ ጠንከር እያደረጉ። ለሁለት ጉልበትና ለአንድ መንጋጋ፣ ለአንድ ጓደኛችን ደግሞ ለቀብሩ ከፍለናል።

አንድ የምታገኘው ፈተና አለ፤ መልክህና ስምህ። በ2002 አንድ አዘጋጅ የነብር ቆዳ ለብሼ፣ ጦር ይዤ፣ ቋንቋ እንደማያውቅ ሰው እየጮህኩ እንድወጣ ፈለገ። እምቢ አልኩ። ሁለት ወር ስልኬን አላነሣም፤ ኪራይ የምከፍልበት ቸግሮኝ ነበር። ሌላው በጥቁር ቁምጣና በጥቁር ጫማ፣ ከናሽቪል የመጣ ጠንካራ ሰው ብሎ አስተዋወቀኝ፤ ክፉውን ሆኜ ሠራሁ፣ ሕዝቡም ከልቡ ጠላኝ። ክፉ ሆኖ መሥራት አያዋርድም። አገርህን አሻንጉሊት አድርገህ መሸጥ ግን ለእኔ የማይሆን ነገር ነበር፤ አንተም ከመጠየቅህ በፊት መልስህን ቁረጥ።

ኑሮ ይገኛል ወይ? አይገኝም። የመጀመሪያ ክፍያዬ አሥራ አምስት ዶላር ነበር። አራት ሆነን በአንድ መኪና ቤንዚን እየተካፈልን እንሄዳለን፤ በእረፍት ሰዓት ጠረጴዛ ዘርግተህ የምትሸጠው ፎቶግራፍና ካናቴራ ብዙ ጊዜ ከክፍያው ይበልጣል። ቋሚ ሥራህን አትልቀቅ፤ ግን ሌሊት ሠርተህ በማግስቱ ሪንግ ላይ አትውጣ።

ማሠልጠኛ ስትመርጥ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትክፈል። መጀመሪያ አንድ ዝግጅት ላይ ሦስት ሰዓት ቀድመህ ሂድና ሪንጉን ሲተክሉ ጣውላ ተሸከም፤ ማንም አይከለክልህም፣ ጣውላዎቹ ከባድ ናቸው። ሲጨርሱ አሠልጣኙ ጀማሪዎቹን ምን ሲያሠራ እንደሚውል እይ። ከገመድ ላይ መዝለል እያስተማራቸው ከሆነ ወደ ቤትህ ተመለስ። ገና መውደቅ እያለማመዳቸው ከሆነ ግን ጠጋ ብለህ በስሱ ጨብጠውና ከተማሪዎቹ መካከል ማን ተጎድቶ እንደሚያውቅ፣ ያን ጊዜ ማን ሊጠይቀው እንደሄደ ጠይቀው። እኔ ያንን ልጅ አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ለሁለት ወር በየእሑዱ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ሲድን ተመልሶ ሊገጥመኝ ፈለገ፤ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሬ ተኝቼ ነው የሄድኩት።